ነጥብ ሳይቀር እኩል

ስክሪኑ ላይ TRUE የሚለው ቃል ብቅ ሲል ድምቢጥ ከወንበሯ ብድግ ብላ አጨበጨበች። «እሰይ! የኔም የሷም ልክ ነው ማለት ነው!»

የስታቲስቲክስ መምህሩ ፊት ግን አልተፈታም። ትርንጎ አንገቷን ደፋች።

ሁለቱ ጓደኛሞች ሠላሳ ቀን ሙሉ በየማለዳው፣ በየራሳቸው ቴርሞሜትር፣ የትምህርት ቤቱን ግቢ ሙቀት ለክተው ኮምፒውተር ላይ እንዲመዘግቡ ታዝዘው ነበር። ዛሬ መምህሩ «አር» በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ሁለቱን መዝገቦች አነጻጸሩ።

«አር ስለ እኩልነት በሁለት መንገድ ይጠየቃል» አሉ። «አንደኛው ‹ይቀራረባሉ ወይ?› ነው። እዚያ ላይ TRUE ቢል እኔም አብሬሽ አጨበጭብ ነበር። አሁን የጠየቅኩት ግን ‹ነጥብ ሳይቀር አንድ ናቸው ወይ?› ብዬ ነው። ሁለት ሰው በሁለት ቴርሞሜትር ሠላሳ ቀን ለክቶ እንዲህ አይገጥምም። አንዳችሁ ከሌላዋ ገልብጣለች።»

ይህን ሲሉ የሚያዩት ድምቢጥን ነበር። አምና ፈተና ላይ አጤሬራ ይዛ ስለተገኘች ስሟ አንዴ ጠፍቷል። ትርንጎን የሚጠረጥራት የለም። አባቷ ከሞተ ገና ወር አልሞላውም፤ መምህራኑ ሁሉ ሲያናግሯት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«እስከ ነገ እውነቱን ካልነገርሽኝ ከስታቲስቲክስ ቡድኑ ትወጫለሽ፤ ወላጅም ታመጫለሽ» ብለው ድምቢጥን አስጠንቅቀው ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

የድምቢጥ ዓይን እንባ አቀረረ። «በናትሽ፣ አንድም ቀን አልቀረሁም እኮ! በዚያ ብርድ እጄ እስኪደነዝዝ ነው የለካሁት። አምና ቀሽም ሥራ ሠርቻለሁ፣ እሺ። ዘንድሮ ግን... አንቺስ ታምኚኛለሽ አይደል?»

«አምንሻለሁ» አለች ትርንጎ። እንደሷ የሚያምናት ከየት ይመጣል? ገልባጯ ትርንጎ ራሷ ናት።

ድምቢጥ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ትርንጎ ብቻዋን ቀረች፤ በራሷ አፈረች። መለካት ያቆመችው አባቷ በሞተበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ማለዳ ከአልጋ መነሣት ተራራ ሆነባት። የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ድምቢጥ ሳታውቅ የጓደኛዋን መዝገብ ከኮምፒውተሩ ወስዳ እንዳለ በራሷ መዝገብ ላይ ለጠፈችው። ስትቸኩል በገዛ እጇ የለካቻቸውን ስምንት ቀናት እንኳ አላስቀረችም።

ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም። እሷ ግን ልኬቶቿን መጀመሪያ የጻፈችበትን ደብተር አወጣች። የተለጠፈውን ሁሉ አጠፋችና የራሷን ስምንት ቁጥሮች አንድ በአንድ አስገባች። ዘጠነኛው አባቷ የሞተበት ቀን ነበር። በአር፣ ልኬት ያልተወሰደበት ቦታ NA ተብሎ ይሞላል። በአባቷ ቀን ላይ NA ብላ ጻፈች፤ በማግስቱም፣ በሠልስቱም። ሃያ ሁለት ጊዜ ጻፈችው።

ስክሪኑን ሳታጠፋ ወጥታ የመምህሩን በር አንኳኳች።

«መምህር፣ የኔን መዝገብ መጥተው ያዩልኛል?»