ዘግይታ የምትታጠፈው መኪና

«የሰውየው ፊት ብርቱካን መሰለ እኮ! ቀንሺው ልጄ፣ ቀንሺው!»

አባቷ በሳቅ ከሶፋው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። አዲሱ ቲቪ ከካርቶኑ ከወጣ ገና መሆኑ ነው፤ ሪሞቱ እሷ እጅ ገብቷል። ቀለሙን ቀነሰች፣ ብርሃኑን አለዘበች፣ በመጨረሻ «ፊልም» የሚለውን ምርጫ ስትጫነው የተዋናዩ ፊት የሰው ፊት ሆነ። የጉንጩ ጠባሳ ሳይቀር ወጣ።

«እሰይ! እጅሽ ይባረክ! ማታ ፊልም እናያለን» ብለው አባቷ ዳቦ ሊገዙ ወጡ።

ታላቅ ወንድሟ ጊዜ አላጠፋም፤ ጌሙን ሰካ። «ነይ ቀንድ አውጣ፣ አዲስ ቲቪ፣ አዲስ ሽንፈት!»

ቀንድ አውጣ ያላት በመኪና ውድድር አንድም ቀን አሸንፋው ስለማታውቅ ነው። ስሙ ከቤት አልፎ ትምህርት ቤት ደርሷል።

«ዛሬ ካሸነፍኩህስ?»

«በስምሽ እጠራሻለሁ። ጓደኞቼ ፊትም!»

በየተራ ነው የሚነዱት፤ ዙሩን ባጭር ጊዜ የጨረሰ ያሸንፋል። እሱ ጀመረ። በመጀመሪያው ኩርባ መኪናዋ ከግድግዳ ተላተመች። በሁለተኛውም። «ምን ነክቷታል ይቺ?» እያለ፣ እየተነጫነጨ ጨረሰ።

ተራዋ ሲደርስ ዋሻው ውስጥ መንገዱ ጨለመባት። ለፊልም የተስተካከለ ነዋ! «ጌም» የሚለውን መረጠችና ተነሳች። ምን ትነሳለች፣ በረረች! ጣቷ ገና ሲነካ መኪናዋ ታጠፈች።

«አሸነፍኩህ!» ሶፋው ላይ ዘለለች።

ወንድሟ አፉን ከፍቶ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጠርቶ አጨበጨበላት። «አቦ ይመችሽ! ቃል ቃል ነው» አለና ውሃ ሊጠጣ ወደ ኩሽና ሄደ።

ደስታው አላስቀምጥ አላት። ለአባቷ ያስተካከለችው ምስል እንዳልተበላሸ ልታይ «ፊልም»ን መልሳ ተጫነችና፣ እግረ መንገዷን አንድ ዙር ጀመረች። ወደ ግራ አለች። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ዓይን እስኪርገበገብ ያህል ቆይታ ታጠፈች። ደገመችው፤ ያው ነው። «ጌም» ላይ ሞከረች፤ ወዲያው ታጠፈች። ቲቪው ምስሉን ለፊልም ሲያሳምር ይዘገያል ማለት ነው። ወንድሟ የነዳው ዘግይታ የምትታጠፍ መኪና ነበር።

ከኩሽና በስልክ ሲያወራ ይሰማታል። «እህቴ ናት እልሃለሁ! አፈር አበላችኝ! ከአሁን በኋላ ቀንድ አውጣ የሚላት ጠቡ ከኔ ጋር ነው!»

ሳቁ እውነተኛ ነበር። ባትነግረው ማንም አያውቅም፤ እሱም ቢሆን።

ሲመለስ ጆይስቲኩን ዘረጋችለት።

«ምነው? ጨርሰናል እኮ።»

«አልጨረስንም። ቲቪው ነው ያዘገየህ። ፊልም ላይ ነበር፤ እኔ ስነዳ ወደ ጌም ቀየርኩት።»

ጆይስቲኩን፣ ከዚያ እሷን አየ። «እና ለምን ትነግሪኛለሽ?»

«ቁጭ በል፤ አንተ ጀምር» አለችው።

በመጀመሪያው ኩርባ መኪናዋ ጣቱ ገና ሲነካ ታጠፈች። እሷ ከጎኑ ሆና ጣቶቿን ማፍታታት ጀመረች።