ሦስት ያለው ሕመም

ሥራዋ መጠየቅ ነበር። አዲሱ የአጥንት ካንሰር ሕመም ማስታገሻ መሥራት አለመሥራቱ የሚለካው ሕሙማን በሚመልሱት መጠይቅ ነው፤ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ደግሞ መጠይቁ ራሱ ካልተፈተነ መድኃኒቱን አላይም ብሏል። እናም በየሳምንቱ ከሕሙማን ፊት ተቀምጣ ጥያቄዎቹን ታነባለች፤ መልሳቸውን ትጽፋለች።

ወጣቱ ልብስ ሰፊ የመጣ ቀን፣ ሕመሙን ከዜሮ እስከ ዐሥር ባለው ቁጥር እንዲለካ ጠየቀችው።

«በሜትር ቢሆን ይቀለኝ ነበር» አላት።

ሳቀች። የጠያቂ ፊት ግን ምንም እንዳያሳይ እንደ ግድግዳ መሆን ነበረበት።

ያን ቀን ስድስት አለ። በሳምንቱ አምስት። የጋውኗን የተተረተረ እጅጌ እዚያው ተቀምጦ ሰፋላት። በአራተኛው ሳምንት አንቱታው ቀረ፤ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ትሸኘው ጀመር። ሕመሙም ሦስት ደረሰ። ደስ አላት። መድኃኒቱን ለመሞከር የሚመዘገቡት ግን ሰባትና ከዚያ በላይ ያሉት ብቻ ነበሩ፤ ይህን እሷ እንጂ እሱ አያውቅም።

አንድ ጠዋት እህቱ መጣች። ሕመሙ ሦስት መድረሱን በደስታ ነገረቻት።

«ሦስት ነው ያለሽ፣ እህቴ? ትራሱን ነክሶ እኮ ነው የሚያድረው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው የለ?»

ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ወረቀቱን አላወጣችም።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

የሰፋላትን እጅጌ አየ።

«ስድስት ስልሽ እስክሪብቶሽ ቆመ። አምስት ስልሽ ቀለል አለሽ። ሦስት ስልሽ ፊትሽ በራ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልመለስ?»

ለክፍል ኃላፊው ብትናገር ከጠያቂነቱ ትነሳለች፤ ሙከራው እስኪያልቅም ልታገኘው አይፈቀድላትም። ዝም ብትል መድኃኒቱ ያመልጠዋል።

ተናገረች። ሁሉም ጋሼ የሚሉት ሽማግሌው ኃላፊ፣ እሷን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ ራሱ ጠየቀው። ሲወጣ ወረቀቱን አሳያት። ዘጠኝ ይላል።

ደረጃው ላይ ተለያዩ።

«ስትድን እንገናኛለን» አለችው።

«ሙከራው ሲያልቅ በይ» አላት ቀስ ብሎ።

ሙከራው ሳያልቅ፣ በሰባተኛው ወር ሞተ። መድኃኒቱ ሕመሙን አስታገሠለት እንጂ በሽታውን አላቆመውም። እህቱ መጥታ፣ የመጨረሻዎቹን ወራት እንቅልፍ ወስዶት ያድር እንደነበር ነገረቻት።

በዓመቱ ከቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። የተጠየቀው ሦስት ስለሚለው የተሰረዘ ቅጽ ብቻ ነው፦ የጠያቂዋና የታማሚው መቀራረብ መልሱን እንደለወጠው በምን ታወቀ?

ጋሼ ደብዳቤውን ጠረጴዛዋ ላይ አኑሮ በሩን ዘግቶላት ወጣ።

ግማሽ ቀን ሙሉ ጽፋ ሰረዘች። በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀራት፤ ከሥሩ ፈረመች።

«በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ለሌላ ሰው ዘጠኝ ያለውን ሕመም ለእኔ ሦስት ብሎኛል።»