ራሱ የሚወድቅ ፍሬ

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ግቢያቸው ውስጥ ካለው ዘንባባ ሥር ሞተው ተገኙ። መሰላል ግንዱን ተደግፎ ቆሟል፤ አጠገባቸው ፍሬ የሞላ ቅርጫት አለ። ላየው ሰው፣ ፍሬ ሊቆርጡ ወጥተው የወደቁ ይመስላል። ሐኪሙ ግን «ይህ ቁስል የደረጃ ጠርዝ እንጂ ለስላሳ አፈር ያመጣው አይደለም» ብሎ ነገሩን አወሳሰበው።

ባልደረቦቹ «አይቸኩሌ» የሚሉት መርማሪ ወደ ቤቱ ዘለቀ። ምድጃው ላይ ለአንድ ሰው ራት የምትበቃ ድስት ተጥዳለች። ድስቷን ሲያይ ልቡ ከበደው። ተመልሶ ከቅርጫቱ አንድ ፍሬ ነከሰ። ጥርስ ያጠርሳል፤ አረንጓዴ ነው፣ ከነዘለላው ተቆርጧል።

ሰሞኑን ከውጭ ተመልሶ ሆቴል ያረፈው ልጃቸው፣ «አባባ ሁሌም መሰላል ላይ ወጥቶ ነው የሚያወርደው፤ ስንቴ ተው ብዬዋለሁ» አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መሰላሉ የተከራዩ ነው። ካልወደቀ እሱን ጠይቁት።»

ተከራዩ እዚያው ግቢ የሚኖር ቀለም ቀቢ ነው። ፖሊሶቹ ካቴና ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«መሰላሌ እዚሁ ግቢ ነው የሚያድረው፣ ማንም ያነሳዋል» አለ። «ጋሼ እኮ ለኔ አባቴ ናቸው።»

የሟች እህት ዓይናቸው በለቅሶ አብጧል።

«እትዬ፣ ወንድምዎ ፍሬውን እንዴት ነበር የሚያወርዱት?»

«ምን ያወርዳል? እሱና ተከራዩ አንሶላ ያነጥፉና ይጠብቃሉ። ሲበስል ራሱ ይወድቃል፤ ያኔ ማር ነው። ማርማላታውን የምሠራው እኔ።»

አይቸኩሌ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» አለ። «መምህሩ ይህን ዛፍ ወጥተው አያውቁም። ከመሰላል የወደቁ ለማስመሰል ጥሬውን የቆረጠው፣ ፍሬው ራሱ እንደሚወድቅ የማያውቅ ሰው ነው። እትዬ ያውቃሉ። ቀለም ቀቢውም አብሮ ይለቅማል፤ ደግሞስ ገዳይ የገዛ መሰላሉን ምስክር አድርጎ ያቆማል?» ወደ ልጁ ዞረ። «አንተ ‹ሁሌም› አልከኝ። ሁሌም የት ነበርክ?»

ልጁ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። «ቤቱን ሽጥና አብረን እንሂድ አልኩት። ዛፌን ጥዬ የትም አልሄድም አለኝ። በንዴት ገፋሁት… ደረጃው ላይ ወደቀ።»

«ያንን ዛፍ የተከለው አንተ የሄድክ ሰሞን ነው» አሉ አክስቱ። «ሲያፈራ ይመጣል እያለ።»

ልጁ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ቀለም ቀቢው ከካቴና ቢተርፍም ደስታ ፊቱ ላይ አልታየም። «ሌላ ቤት እፈልጋለሁ መቼም» አለ። «ግን ስገባ ‹መጣህ?› የሚለኝ ማነው?»

እሱም ቤቱ ሲገባ እንዲህ የሚለው ሰው የሌለው አይቸኩሌ፣ ወደ ምድጃው ሄዶ የአንድ ሰው ራት የያዘችውን ድስት አወረደ።