ባለ መስታወቱ ካሜራና የኦቦ ገመቹ አግዳሚ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ መቱ ላይ ሠርግና ምርቃት ሳነሳ ስኖር «ፎቶው ላይ ጥላ ታየኝ» የሚለኝን ሁሉ «ሌንስህን ጥረግ» ብዬ ነው የምሸኘው፣ ስለዚህ ይህን ስትሰማ አበደ እንዴ አትበለኝ።

የዚያን ሰሞን ጭንቀቴ ሌላ ነበር። አሮጌውን ዲኤስኤልአር ካሜራዬን ትቼ መስታወት ወደሌለው ሚረርለስ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ እያልኩ እብሰለሰላለሁ፣ ጓደኛዬ ሚረርለሱን ለሦስት ቀን አውሶኛል፣ ቀላል ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ፎቶው ምን እንደሚመስል ገና ሳታነሳው በስክሪን ያሳይሃል። የኔው ግን ውስጡ መስታወት ስላለው ዓይንህን በምታስጠጋበት ቀዳዳ የምታየው ራሱን ሰውየውን ነው፣ ስትጫነው መስታወቱ ቀጭ ብሎ ይነሳና ለቅጽበት ይጨልምብሃል። ሥራ ላይ ላወዳድራቸው ብዬ ሁለቱንም ይዤ መቱ አጠገብ ወዳለችው ሁሩሙ ሄድኩ።

የጠሩኝ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ያን ሁሉ ዘመን አብረው ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ አብረው ፎቶ አልተነሱም፣ የቀረችው የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለች ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት። እኛ ጋ የተለመደ ሥራ ነው፣ በሕይወት ያለው ከጎኑ ቦታ ትቶ ይቀመጣል፣ የሞተውን ከመታወቂያው አውጥተን በኮምፒውተር ከጎኑ እናስቀምጠዋለን። ኦቦ ገመቹም የፈለጉት ይህንኑ ነው፣ አንዴ እንኳ አብረዋት መታየት።

ከሰዓት ነው፣ ዝናቡ አባርቷል፣ ጉሙ ከቡናው መሀል ቀስ እያለ ወደ ግቢው ይገባል። ጋቢያቸውን ለብሰው አግዳሚው ዳር ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ በሚረርለሱ አነሳኋቸው፣ ሽማግሌውና ባዶ ቦታ፣ ሌላ ምንም። ከዚያ የኔን አነሳሁና በቀዳዳው አየሁ።

እመነኝ፣ አጠገባቸው አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ የጋቢያቸውን ጠርዝ ታስተካክላለች። ዓይኔን ከቀዳዳው ነቀልኩ፣ የለችም። መልሼ አየሁ፣ አለች። ተጫንኩ፣ ቀጭ አለ፣ ጨለመ፣ ሲመለስ ወደኔ እያየች ፈገግ ብላለች። ፎቶውን ስከፍተው ግን ባዶ ቦታ፣ አምስቴ ሞከርኩ፣ አምስቱም ባዶ።

«ዱፍቴ?» አሉኝ ኦቦ ገመቹ ቀስ ብለው፣ መጣች ወይ ማለታቸው ነው።

ልዋሽ አሰብኩ፣ አፌ እንቢ አለኝ። «አባባ፣ በቀዳዳው አንዲት ሴት ትታየኛለች፣ ፎቶው ግን አይዛትም» አልኳቸው።

ተነሱና ካሜራውን ከእጄ ወሰዱ፣ በሳቸው ቦታ እንድቀመጥ ጠቆሙኝ። ዓይናቸውን ቀዳዳው ላይ አድርገው ቀሩ፣ የማንሻ ቁልፉን አልነኩትም፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። እኔ ዞር ብዬ ጎኔን ለማየት አልደፈርኩም፣ ፈርቼ ነበር፣ ምን እዋሽሃለሁ።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ትንሽ ፈቀቅ በልላት፣ ቀሚሷ ላይ ተቀምጠሃል።»

ፈቀቅ አልኩ። ከሥሬ የሆነ ጨርቅ ቀስ ብሎ ሲሳብ ተሰማኝ።

ካሜራውን አልመለሱልኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ቻርጀሩ እኔ ጋ ስለሆነ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል፣ ባለ መስታወቱ ግን ለማየት ብቻ ባትሪ አይፈልግም፣ በዚያ በኩል የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ሽማግሌው ካሜራ ዓይናቸው ላይ አድርገው ባዶ አግዳሚ ሲያዩ እንደሚውሉ ነገረኝ። እኔ አሁን በሚረርለስ ነው የምሠራው፣ ጥሩ ነው፣ አላማርርም፣ ግን ሰው ባነሳሁ ቁጥር ከጎኑ ማን ተቀምጦ እንደሆነ አላይም።