የኔሊታ ነው

«ይሄ የማን ነው?»

ሶሲ የቁርስ ሳህኗን እያጠበች ነበር። ዘወር ስትል እናቷ ማንአልሞሽ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ይዛ ቆማለች። የትናንቱን የምሳ ዕቃ ልታወጣ የሶሲን ቦርሳ ስትከፍት ነው ያገኘቻት። የወረቀቷ ፊት ላይ ጀልባ ውስጥ የተቀመጡ ሦስት ልጃገረዶች ተስለዋል። ከሥዕሉ በላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «የወር አበባሽ ሲቀር» ይላል።

የሶሲ እጅ ውሃው ውስጥ ቀረ።

«ሶስና፣ አንቺን እኮ ነው። የወር አበባዋ የቀረው ማን ናት?»

ማንአልሞሽ ስትቆጣ አትጮህም፤ ድምፅዋ ነው የሚወርደው። ዛሬ ወርዶ ወርዶ ሹክሹክታ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፊቷ ላይ ያለው ግን ቁጣ አልነበረም። ፍርሃት ነበር። ሶሲ ያንን ስታይ አፏ ከሐሳቧ ቀደመ።

«የኔሊታ ነው።»

«የኔሊታ?»

«ቤቷ እንዳያዩባት እኔ ጋ አስቀመጠችው። አይ ዶንት ኖ፣ ማሚ። ምንም አልጠየቅኳትም።»

ማንአልሞሽ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ ሲላላ ሶሲ በዓይኗ አየችው። «ምስኪን!» አለች። «እናቷ ሌላ ስቴት፣ እሷ እዚህ ከአያቷ ጋር። ማን ይምከራት?» ከዚያ ተነሥታ የሶሲን ግንባር ሳመች። ሶሲ አንገቷን ደፍታ የታጠበውን ሳህን መልሳ ማጠብ ጀመረች።

ወረቀቱን የሰጠቻት በእርግጥ ኔሊታ ናት። ያ ነው ውሸቱን ያቀለለው።

ነገሩ የተጀመረው በጤና ክፍለ ጊዜ ነው። ሚስ ራሞስ የምትባለው መምህራቸው ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ርዕስ ስታድል ለሶሲና ለኔሊታ የደረሳቸው፣ ትንንሽ የደሴት አገሮች የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርትን ለሕዝባቸው እንዴት እንደሚያደርሱ የሚል ነበር። ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ተንከተከቱ። ኔሊታ ግን ዘወር ብላ እንኳን አላየቻቸውም። «አክስቴ እኮ ሥራዋ ይሄ ነው» አለች። ኔሊታ የማርሻል ደሴቶች ልጅ ናት፤ ወደዚህ፣ ወደ ዋይት ሴንተር ሰፈር የመጣችው በሰባት ዓመቷ ነው።

አርብ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ኔሊታ ቤት ሆነው ለአክስቷ ለሜሪና ቪዲዮ ኮል አደረጉላቸው። እዚያ ቅዳሜ ጠዋት ሆኗል። ከሜሪና ጀርባ ነፋስ የሚያወዛውዘው የልብስ ገመድ ይታያል፤ ሲስቁ የስልኩ ድምፅ ይሰነጠቃል።

«በጀልባችን ደሴቱ ላይ እንደደረስን ልጃገረዶቹን አንሰበስብም» አሉ። «መጀመሪያ ከአሮጊቶቹ ጋር ነው ቁጭ የምንለው። እነሱ ካልወደዱን ማንም አይመጣም። ከዚያ እናቶቹ፣ መጨረሻ ላይ ልጆቹ። ወንዶቹን የሚያስተምር ሌላ ሰው ይዘን እንሄዳለን።»

«የጤና ጣቢያው በር ላይ ሰው ካያቸውስ?» አለች ሶሲ ማስታወሻዋን ይዛ።

«ጎበዝ! ችግሩ እሱ ነው። ደሴቱ ላይ ሁሉም ዘመድ ነው። በር ላይ መታየት ብቻውን ወሬ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ቤት እናንኳኳለን፤ የፈለገችንንም፣ ያልፈለገችንንም። ማን ምን እንደጠየቀች ማንም እንዳያውቅ። የጀልባችን ሕግ ነው።»

ሶሲ ይቺን ሁለት ጊዜ አሰመረችባት።

ኔሊታ አያቷ ጠርተዋት ወደ ኩሽና ስትሄድ ሶሲ ስልኩን አቅርባ ያዘችው። «አንቲ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ሶ... ለፕሮጀክቱ አይደለም።» ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። የወር አበባዋ ካቆመ አራት ወሩ። ከማንም ወንድ ጋር ምንም የለም። ኢንተርኔት ላይ ያነበበችው ሁሉ እያስፈራራት እንቅልፍ ነስቷታል።

ሜሪና አልደነገጡም። ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመራት፣ ስፖርት ትሠራ እንደሆነ፣ በደንብ ትበላ እንደሆነ ጠየቁ። «በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሊዘበራረቅ ይችላል» አሉ። «ግን ሦስት ወር ካለፈ ሐኪም ማየት አለበት። ለእናትሽ ንገሪያት።»

«እናቴ ሌላ ነገር ነው የምታስበው።»

«ታስብ። ከዚያ ትሰማሻለች።»

ኔሊታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሜሪና በስክሪኑ አዩዋት። «የሰማሽውን ሰምተሻል» አሏት። «የጀልባው ሕግ እዚያም ይሠራል።» ኔሊታ ራሷን ነቀነቀች። ሰኞ ዕለት አክስቷ የላኩትን ወረቀት ላይብረሪ ፕሪንት አድርጋ፣ አራት ቦታ አጥፋ፣ ማንም ሳያይ ለሶሲ ሰጠቻት።

ማክሰኞ ጠዋት ማንአልሞሽ አገኘችው።

ረቡዕ ኔሊታ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ሐሙስ መጣችና ከሶሲ ጎን ያለውን ወንበር አልፋ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ሶሲ ደወል እስኪደወል ጠብቃ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት።

«ሄይ፣ የት ጠፋሽ?»

«ክሊኒክ» አለች ኔሊታ። «አያቴ ይዛኝ ሄዳ። የእርግዝና ምርመራ።»

ሶሲ ግድግዳውን ተደገፈች።

«እናትሽ ማክሰኞ ቤታችን መጥታ ነበር። ነርሷ ውጤቱን ስትነግረን እንኳ አያቴ አላመነቻትም፤ እንዲደገም ጠየቀች። ለአክስቴም ደውላ ጮኸችባት። ‹ይሄን የምታስተምሪያት አንቺ ነሽ› አለቻት። ከእንግዲህ ኮል የለም።»

«እና... ለአያትሽ ነገርሻቸው? ስለ እኔ?»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ሶሲ ልትመልሰው ፈለገች። ይቅርታ ማለት ሲገባት፣ ምን ሆንሽ ማለት ሲገባት፣ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ራሷ ነው።

ኔሊታ ትክ ብላ አየቻት። «አልነገርኳትም። ላንቺ ብዬ ግን አይደለም። ለአንቲ ቃል ገብቼ ነው።» ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ ከፍ አደረገች። «ነገ ፕሬዘንቴሽኑን ብቻሽን አድርጊው። ለሚስ ራሞስ ነግሬያታለሁ።»

የሶሲን ሆድ ያባሰው ግን የእናቷ ደግነት ነበር። ማንአልሞሽ ማክሰኞ ማታ ከሥራ እንደገባች «አያትየውን አናገርኳቸው፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም» ብላ ነበር፤ ሶሲ ያኔ «ኦኬ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲህ ማንአልሞሽ ስለ ኔሊታ ሳትጠይቅ አታድርም። ሐሙስ ጠዋትማ ሁለት የምሳ ዕቃ አዘጋጀች። «አንዱን ለዚያች ልጅ ስጪያት። ምግብ አስጠልቷት ይሆናል» አለች። ሶሲ ምሳ ሰዓት ላይ ወስዳ ኔሊታ ፊት አስቀመጠችው። ኔሊታ በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ መለሰችላት። ሶሲ የኔሊታንም፣ የራሷንም ሳትከፍት ውላ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ማንአልሞሽ ሶሲን ከሩጫ ልምምድ ልትወስዳት መጣች። ኦበርን በምትሠራበት መጋዘን ዛሬ ሺፍት የላትም። ዝናቡ ያካፋል።

«በኔሊታ ቤት በኩል እንለፍ» አለች እናቷ። «አያትየውን እንዴት ሆኑ ልበላቸው። ያን ዕለት ያን ነገር ነግሬያቸው ከወጣሁ በኋላ ዝም ማለት ነውር ነው።»

 እናቷ ከቤቱ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጋ ሞተሩን አጠፋች።

«አንቺ ግን» አለች ማንአልሞሽ የልጇን ፀጉር ከፊቷ ላይ እያነሣች፣ «አንድ ቀን አሳፍረሽኝ አታውቂም።»

«ማሚ፣ ወረቀቱ የእኔ ነው።»

የእናቷ እጅ አየር ላይ ቆመ።

«የኔሊታ አይደለም። የእኔ ነው። ከማንም ጋር ምንም አላደረግኩም፣ አይ ስዌር። ዝም ብሎ ቀረ። አራት ወር ሆነው። አክስቷን ጠየቅኳቸው፣ ሐኪም ይይሽ አሉኝ። ለእናትሽ ንገሪያት አሉኝ። ከዚያ ወረቀቱን ይዘሽ ስታዪኝ... ፊትሽ...»

ማንአልሞሽ እጇን መልሳ መሪው ላይ አሳረፈች።

«አራት ወር!» አለች። «አንድ ቤት እያደርን!» ከዚያ ሌላው ነገር ትዝ ሲላት አፏን በመዳፏ ያዘች። «ውሃ አቀረቡልኝ እኮ። አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ይዘው ውሃ አቀረቡልኝ። ውሃቸውን ጠጥቼ የልጃቸውን ልጅ ስም አጠፋሁ።»

«አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ።»

«ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሶስና። በእኔ አፍ ነው የወጣው።»

ሶሲ ቢጮኽባት ትመርጥ ነበር። ማንአልሞሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ድምፅዋን አስተካከለች። «ነገ ጠዋት ክሊኒክ ደውዬ ቀጠሮ እይዛለሁ። አብረን ነው የምንሄደው። የመዋሸትሽን ነገር ደግሞ ቤት እንነጋገራለን፤ አልረሳውም።» ቀበቶዋን ፈታች። «አሁን ገብቼ ይቅርታ ልጠይቅ። አንቺ እዚሁ ቆዪ።»

መቆየት ይቻል ነበር። እናቷ ገብታ ትነግራቸዋለች፤ ትልልቆቹ እርስ በርስ ይግባባሉ፤ ሶሲ ከመኪናው ሳትወርድ ነገሩ ያልቃል። እጇ የበሩ መያዣ ላይ ነበር።

«አይ፣ ማሚ። እኔ ልቅደም።»

«ምን ብለሽ ልትነግሪያቸው?»

«የሆነውን።»

«ስለ ራስሽም?»

ሶሲ የኔሊታን አያት አሰበቻቸው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ከማንም ጋር ቆመው ያወራሉ። ዛሬ የሚሰሙትን ነገ ለማን እንደሚያወሩ አታውቅም።

«ስለ ራሴም» አለች።

ማንአልሞሽ ቀበቶውን መልሳ አላሰረችም፤ ግን አልወረደችም።

ሶሲ ሦስቱን ደረጃ ወጥታ አንኳኳች። አያትየው ከፈቱ። ከትከሻቸው ኋላ ኔሊታ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ አልቀረበችም፣ አልሄደችምም። ሶሲ ከመኪናው እስከዚህ ያጠናችው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጠፋባት።

«ስሜ ሶሲ ነው» ብላ ጀመረች።

ስሟን አያትየው ሦስት ዓመት ሙሉ ያውቁታል። ግን በሩን አልዘጉትም፤ ቀጣዩን እየጠበቁ ቆሙ።