አሽከር የግራዝማች ቢሻው

እሳቱን ተዉት፣ አትቆስቁሱት። ይህ ወሬ ጨለማ ይወዳል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ ስማችሁን ስጠራ «አቤት» በሉኝ፣ የነቃውና የተኛው ይለይልኝ። ዳምጤ? እሰይ። ብርቄ? ጎሽ። እንግዲህ ስሙኝ።

ሰዓቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። መንገዱ ከአፋፍ ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ወደ ማዶው ጫካ የሚወጣ ቀጭን መንገድ ነው። ሲመሽ ከብት እንኳ አይሄድበትም። አገሩን አልነግራችሁም፤ የባለ ወሬው የልጅ ልጆች ዛሬም ስላሉ ይቀየሙኛል። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይወርዳል። አንዳርጌ ይባላል። ከራሱ ቁመት የረዘመ ጠመንጃ ተሸክሟል። ምን አስወረደው? ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ።

አንዳርጌ ፈሪ ነበር። ክፉ አልነበረም፣ ሰነፍም አልነበረም፤ ፈሪ ብቻ ነበር። ጫካ ይፈራል፣ ገደል ይፈራል፣ የገዛ በሬውን ይፈራል። ይህ ሰው ማንን ቢወድ ጥሩ ነው? የአዳኙን የአያ ጫኔን ልጅ፣ እናኑን ወደደ። እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ቢልክ አያ ጫኔ ምን አለ? «አጋዘን ያልጣለ ወንድ ልጄን አያገባም። እስከ ሚካኤል ቀንዱን ይዞ ደጄ ላይ ካልፎከረ ለሌላ እድራታለሁ» አለ።

አንዳርጌ አሰበ። መቅረብ ይፈራል፤ ስለዚህ ከሩቅ መግደል አማረው። ጓንጉል ወደሚባል ቀጥቃጭ ሄዶ፣ «እዚህ ማዶ ተኝቼ እዚያ ማዶ ያለውን የሚጥል ጠመንጃ ሥራልኝ» አለው። ጓንጉልም ሠራ። ብረቱን ከሟቹ ከግራዝማች ቢሻው አሮጌ ጠመንጃ ወሰደ፤ ሌላ ብረት ቀጠለበት። ሰደፉን በአንዳርጌ ትከሻ ልክ ከወይራ ጠረበ። ከላዩ ላይ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር በጠፍር አሰረበት። እኔ ወንድ ጠመንጃ ሲያስረዝም ባየሁ ቁጥር ልቡ የት ድረስ ነው እላለሁ።

ጓንጉል ሲያስረክበው፣ «ጥይቱስ ይደርሳል። አንተስ ትደርሳለህ?» አለው። አንዳርጌ አልገባውም። እናንተስ ገብቷችኋል? ብርቄ? ጎሽ።

ድሮ አዳኝ ተኩሶ ሲጥል ዝም አይልም። «ዘራፍ! አሽከር የእገሌ!» ብሎ የጌታውን ስም ይጠራል። ካልፎከረ ገዳይ አይባልም። አንዳርጌ ደግሞ ጌታ የለውም። በሕይወት ያለ ጌታ ቢጠራ ከሥጋው ብልት አካፍለኝ ይለዋል። ስለዚህ ከሙታን መረጠ። «ግራዝማች ቢሻው ይሁኑ። ብረቱም የሳቸው ነው፤ የሞተ ሰው ሥጋ አይካፈልም» አለ።

ግራዝማች ቢሻው ማን እንደነበሩ ግን ዘነጋው። አሽከር የማይበረክትላቸው ሰው ነበሩ። ሲያዙ ውለው ሲያዙ ያድራሉ። አሽከሩ ሁሉ እየኮበለለ፣ ሲሞቱ ውሃ የሚያቀብላቸው እንኳ አልነበረም። «አንተ አሽከር፣ አንተ አሽከር» እያሉ ሞቱ።

በሚካኤል ዋዜማ፣ ወደ ማታ፣ አንዳርጌ አፋፉ ላይ ተኛ። የጠመንጃውን አፍ በባላ ደገፈ። በመነጽሩ ሲያይ፣ ማዶ፣ ጫካው ዳር፣ ቀንዳም አጋዘን ቆሟል። ዓይኑን ጨፍኖ ቃታውን ሳበ። አጋዘኑ ወደቀ። ያን ጊዜ ዘሎ ተነሥቶ፣ «ዘራፍ! አሽከር የግራዝማች ቢሻው!» አለ።

ገደሉ መለሰለት። «ግራዝማች ቢሻው... ቢሻው... ሻው...» ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ገደሉ እሱ ያላለውን ጨመረ። «እህ፣ እህ» አለ፤ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንደሚለው።

አንዳርጌ በመነጽሩ ደግሞ አየ። አጋዘኑ ወድቋል። ካጠገቡ ነጭ ነገር አለ። ድንጋይ ነው አለ። ቅድም ድንጋይ ነበር? አልነበረም። ሲያየው ሲያየው ድንጋዩ ጋቢውን አስተካከለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ይሁን? ቀንዱ ማዶ ነው። ጥይቱ ደርሷል፣ ባለቤቱ አልደረሰም። ነገ ልሂድ ቢል ጅብ አያሳድርለትም፤ ሚካኤልም ነገ ነው። እናኑን አሰበና አለቀሰ። እያለቀሰ ወረደ።

ወንዙ ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየ። ነጩ ነገር ከማዶ የለም። ደስ አለው። ከኋላው ሳል ሰማ። ዞረ፤ ማንም የለም። ዳገቱን ጀመረ። የአሮጌ ጋቢ ሽታ ሸተተው። ዞረ፤ ማንም የለም። አጋዘኑ ዘንድ ሊደርስ ሲል ከጆሮው ሥር፣ «ቀስ በል እንጂ። ጌታህን ጥለህ ትሄዳለህ?» የሚል ድምፅ መጣ።

እናንተ ብትሆኑ ትዞሩ ነበር? እሱ አልዞረም።

«አንተ አሽከር።»

«አቤት ጌታዬ» አለ። ወይ ሞኝ። አቤት ካሉ በኋላማ ምን ቀረ?

«መንገድ ደክሞኛል፤ እግሬን እጠበኝ።»

በቅል የያዘው ውሃ ነበረው። አጎንብሶ አፈሰሰ። ውሃው መሬት ላይ ተንጣለለ። ከጋቢው ጫፍ በታች እግር የለም፤ ሣር ብቻ ነው።

«በደንብ እሸው» አሉ ግራዝማች።

አንዳርጌ ሣሩን በደንብ አሸ።

ቀንዱን ቆርጦ ተመለሰ። ግራዝማች ተከተሉ። ጋቢዬ ጭቃ እንዳይነካ ያዝልኝ ይላሉ፤ ጠመንጃውን እንደ አካፋ አትሸከመው ይላሉ። እሱም እሺ ጌታዬ ይላል።

አያ ጫኔ ደጅ ደረሱ። ውሾቹ አንዳርጌን ትተው ከኋላው ባለው ጮኹ። እናኑ ችቦ ይዛ ብቅ አለች። አያ ጫኔ ቀንዱን በእጁ መዝኖ፣ «መልካም ነው። በል ፎክርና ግባ። የማን አሽከር ነህ?» አለው።

«ንገረው» አሉ ግራዝማች ከኋላ። «ንገረውና አብረን እንግባ። ከእንግዲህ እናንተው ዘንድ ነኝ።»

አያችሁ ጉዱን? ስማቸውን ቢጠራ ጎጆው ውስጥ ሊኖሩ ነው። ዝም ቢል እናኑ ለሌላ ልትዳር ነው። አንዳርጌ ቀና አለ። ችቦዋን ይዛ የቆመችውን ልጅ አየ። ያለችው ሀብት እሷ ብቻ ናት።

«ዘራፍ!» አለ። «አሽከር የእናኑ!»

አያ ጫኔ እንዲህ ያለ ፉከራ ሰምቶ አያውቅም። ሆዱን ይዞ እየሳቀ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ሲስቅ፣ «ግባ፣ ግባ» አለው። ከአንዳርጌ ኋላ ግን፣ «ለሴት አደርህ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። እጅግ የተቀየመ ድምፅ ነበር። ከዚያ ሳሉ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ውሾቹም ዝም አሉ።

እናኑ አገባችው። ቃሉን ግን አልረሳችለትም። እስኪያረጁ ድረስ፣ «አንተ አሽከር፣ እንጨት ፍለጥ» ትለዋለች። «አቤት እመቤቴ» ይላል፤ ደስ እያለው ነው የሚላት። ያ ጠመንጃ ከግድግዳ ግድግዳ ተጋድሞ ልብስ ይሰቀልበታል።

ግራዝማች ግን እስከ ዛሬ አሽከር አላገኙም። ሲመሽ ብቻችሁን አትሂዱ። የምታውቁትን ሰው ድምፅ አስመስለው ስም ይጠራሉ አሉ። አንዴ ከመለሳችሁላቸው የሳቸው ናችሁ። ስለዚህ ከአሁን ወዲያ ስማችሁን አልጠራም፤ ይበቃል። ቢጠራም እንዳትመልሱ።

ምን አልህ ዳምጤ?

«አቤት» ነው ያልኸው?

እኔ እኮ አልጠራሁህም።