እንጦጦ ላይ የዋሸሁበት ቪዲዮ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር አላምንም፣ አላምንም ነበር ልበል እንጂ። ሰው ሰብሰብ ብሎ ጅኒ እንዲህ አደረገ፣ መንፈስ እንዲህ ታየ ማለት ሲጀምር ሳቄን ይዤ የምወጣ ሰው ነኝ፣ እማዬ ሙቅ ውሃ መሬት ላይ ስትደፋ እንኳን ቢስሚላህ ሳትል አትደፋም፣ እኔ ደግሞ በዚህ ስቀልድባት ነው ያደግኩት። ሐያት እባላለሁ፣ መገናኛ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሠርግ ካርድና የሱቅ ማስታወቂያ ዲዛይን አደርጋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ የምውል፣ የማየውን ብቻ የማምን ሰው ነኝ። ይሄን የምነግራችሁ ቀጥሎ የምለውን ስትሰሙ ‘ድሮም እንዲህ ያለ ነገር የምትወድ ናት’ እንዳትሉኝ ነው።

አባቴ ኸድር ይባላል፣ ከመገናኛ ኮተቤ ሚኒባስ እየነዳ ነው ያሳደገኝ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን መርሳት ጀመረ፣ መጀመሪያ ያስቀመጠውን ዕቃ፣ ከዚያ የጎረቤቶችን ስም፣ በኋላ የራሱን ዕድሜ። ሐምሌ ውስጥ አንድ ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ እማዬ ለአፍታ ጎረቤት ብቅ ብላ ስትመለስ የካ አባዶ ካለው ቤታችን ወጥቶ ሄዷል፣ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ፣ ጫማው አልጋው ሥር፣ ነጠላ ጫማና ቡኒ ጃኬት ብቻ አድርጎ። ዝናብ ነበር፣ እመኑኝ እንደዚያን ቀን ዝናብ ጠልቼ አላውቅም።

ያላየነው ቦታ የለም፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ መስጊዶች፣ የቤተ ክርስቲያን በሮች፣ አያት ባቡሩ መጨረሻ ድረስ እየሄድን ፎቶውን ለሰው አሳየን፣ መገናኛ ምሰሶው ሁሉ ላይ ለጠፍኩት፣ በማግስቱ ስመጣ ዝናቡ ፊቱን አጥቦ ወረቀቱ ብቻ ቀርቷል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ድረ ገጽ ሠራሁ፣ ፎቶዎቹን፣ የለበሰውን፣ የሚያደርገውን ሁሉ ጻፍኩበት፣ ከታች ‘አይቻቸዋለሁ’ የሚል ቁልፍ አደረግሁ፣ እሱን የተጫነ ሰው ያየበትን ቦታ፣ ሰዓትና ስልኩን ይሞላል። ስንት ሰው ጎበኘው መሰላችሁ? እኔና እማዬ፣ ሁለት አክስቶቼ፣ በቃ።

ማተሚያ ቤታችን ያለበት ሕንፃ ላይ ለአንድ ሶፋ ቤት ቪዲዮ የምትሠራ ሜሮን የምትባል ጓደኛ አለችኝ፣ የሶፋ ቤቱ ድረ ገጽ በሷ ቪዲዮዎች ነው ሰው የሚያገኘው፣ ስታየኝ አዘነችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሰው ድረ ገጽ ፈልጎ አይመጣም ሐዩ፣ ሰው ያለው ቪዲዮ ላይ ነው፣ ከዚያ እጁን ይዘሽ ነው የምታመጪው» አለችኝ።

እማዬን ቀረጽናት፣ ፎቶውን ይዛ አለቀሰች፣ ቪዲዮው በአንድ ቀን ያልደረሰበት የለም፣ አላህ ያገናኛችሁ፣ እመቤቴ ትድረስላችሁ የሚል ኮሜንት ጎረፈ፣ ሊንኩን የተጫነ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሜሮን ቁጥሩን አይታ ተነፈሰች።

«ሁሉንም ስለነገርሻቸው ነው። አዩ፣ አለቀሱ፣ ጨረሱ። ሊንኩን ምን ብለው ይጫኑ? ግማሹን ነግረሽ ግማሹን ድረ ገጹ ላይ ማስቀረት ነበረብሽ።»

እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሷ አይደለም። «እንጦጦ ታይቷል ልበል?» አልኳት።

«ታይቷል እንዴ?»

«አልታየም።»

«ሐዩ፣ ይሄ ልክ አይደለም።»

«እውነቱን ተናግሬ ምን አገኘሁ?» አልኳት።

ቅዳሜ ከሰዓት በፈረንሳይ ሰፈር በኩል እንጦጦ ወጣን፣ ባሕር ዛፉ መሀል ከመንገዱ ገባ ብሎ ገላጣ ቦታ አለ፣ እዚያ አቆመችኝና ስልኳን ደገነችብኝ። «አባቴ ትናንት እዚህ፣ እኔ በቆምኩበት ቦታ ታይቷል፣ በእጁ ምን እንደያዘና ሰውን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ድረ ገጹ ላይ ጽፌዋለሁ፣ እባካችሁ ገብታችሁ እዩት» አልኩ፣ እንባዬ ግን የውሸት አልነበረም። ማታ ድረ ገጹ ላይ ‘ክዳን የሌለው ሰማያዊ ጀሪካን ይዟል፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ «ውሃ መጣ?» እያለ ይጠይቃል’ ብዬ ጻፍኩ። ለምን ጀሪካን እንዳልኩ አትጠይቁኝ፣ አባዬ ጀሪካን ተሸክሞ አያውቅም፣ ቤታችን ውሃ ሲጠፋ የምንሸከመው እኔና እማዬ ነን፣ ዝም ብሎ ወደ አፌ የመጣ ነገር ነው።

ሠራ። ያን ያህል ሰው ወደ ድረ ገጹ ሲገባ አይቼ አላውቅም፣ ‘አይቻቸዋለሁ’ የሚለው ቁልፍ ቀኑን ሙሉ ይጫናል፣ አንዱ አዳማ አየኋቸው ይላል፣ አንዱ ሻሸመኔ፣ አንዱ ይሳደባል። ሰማያዊ ጀሪካን ይዘው አየኋቸው የሚሉም ነበሩ፣ ያነበቡትን ነው የሚደግሙት ብዬ አለፍኳቸው፣ አያችሁ አይደል፣ አእምሮዬ ያኔ በደንብ ይሠራ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አንድ መልእክት ገባ። ቦታ፦ እንጦጦ። ሰዓት፦ ባዶ። መግለጫው ላይ እንዲህ ይላል፦ ‘ኋላ ያለችው ልጅ አትከፍልም ይላሉ’።

ይሄን ያነበብኩት ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥኩ። ልጅ ሆኜ ትምህርት በሌለበት ቀን አባዬ በሚኒባሱ ይዞኝ ይወጣ ነበር፣ መጨረሻው ወንበር ላይ መስኮቱ ጋ ያስቀምጠኛል፣ ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ አባዬ በመስታወቱ እያየኝ «ኋላ ያለችው ልጅ አትከፍልም!» ይላል፣ እኔ ደግሞ ንግሥት የሆንኩ ይመስለኛል። ይሄን ቪዲዮ ላይ አልተናገርኩም፣ ድረ ገጹ ላይ አልጻፍኩም፣ ለሜሮን እንኳ ነግሬያት አላውቅም። መልእክቱ ሥር ስልክ ቁጥር ነበር፣ ደወልኩ፣ አንዲት ትልቅ ሴትዮ አነሱ።

«ስለ አባቴ ነው የደወልኩት፣ ድረ ገጹ ላይ መልእክት ልከውልኝ ነበር» አልኳቸው።

«ምን ላይ?»

«ኢንተርኔት ላይ።»

«ኧረ የኔ ልጅ፣ የኔ ስልክ መደወያ ብቻ ነው፣ እኔ እንጦጦ ድንች የምተክል ሰው ነኝ፣ ተሳስተሽ ይሆናል።» ልዘጋው ስል ድምፃቸው ተመለሰ፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ አንቺ ቅዳሜ ስለ አባትሽ እያለቀስሽ ቪዲዮ ስትነሺ የነበርሽው ልጅ ነሽ? አረንጓዴ ሻርፕ ያደረግሽው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ታዲያ አባትሽ ምን ሆኑ? ከኋላሽ ቆመው አልነበር እንዴ? ሰማያዊ ጀሪካን ይዘው? እኔ እኮ አብራችሁ የመጣችሁ መስሎኝ ነው ሰላም ሳልላችሁ ያለፍኩት።»

ወደ ሶፋ ቤቱ በሩጫ ሄድኩ፣ ሜሮን ሰምታ ፊቷ ተለወጠ። «ማርያምን፣ ፊት ለፊትሽ ነው የቆምኩት፣ ማንም አልነበረም» አለች። ቪዲዮውን ደጋግመን አየነው፣ ባሕር ዛፍ፣ ጭጋግ፣ እኔ፣ ሌላ ምንም። አንድ ነገር ብቻ፣ ‘እዚህ ታይቷል’ የምለው ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጓ፣ ጓ የሚል ድምፅ አለ፣ ሁለቴ፣ መዳፍ ቆርቆሮ ሲመታ እንደሚሰማው። ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል፣ ሂድ ለማለት የሚኒባሱን ጎን እንዲህ ነው የሚመቱት። «ሩቅ ያለ መኪና ይሆናል» አለች ሜሮን፣ እኔም ይሆናል አልኩ፣ ሁለታችንም ግን እንደገና አልከፈትነውም።

ማክሰኞ ከሥራ አስፈቅደን እንጦጦ ወጣን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፣ ጠራራ ቀን መሆን ነበረበት፣ ጭጋጉ ግን አሥር እርምጃ አያሳይም። ሴትዮዋ መንገዱ ዳር ጠበቁን፣ እማማ ተዋቡ ይባላሉ፣ አጠር ያሉ፣ የላስቲክ ቦቲ ያደረጉ፣ ስንደርስ ሁለታችንንም ስመው፣ ምንም ሳይጠይቁ ፊት ፊት ሄዱ። ገላጣው ቦታ ስንደርስ በከዘራቸው አሳዩኝ።

«እዚህ አንቺ፣ እዚያ እሳቸው።»

እሳቸው ያሉበት ቦታ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ሰማያዊ ጀሪካን ተቀምጧል። ክዳን የለውም፣ አፉ ድረስ ሞልቷል። ዝናብ ሞላው እንዳልል አፉ ጠባብ ነው፣ ሰው ጥሎት ይሆናል እንዳልል ማን ውሃ ሞልቶ ይጥላል፣ እንዲህ እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ከጭጋጉ ውስጥ ጓ፣ ጓ አለ።

መኪና የለም፣ ቆርቆሮ የለም፣ ቤት የለም፣ ዛፍ ብቻ ነው። «አባ!» ብዬ ሮጥኩ፣ ጭቃው አንድ ጫማዬን አስቀረው፣ ድምፁ ወደፊት ሄደ፣ ስቆም ይቆማል፣ ስሄድ ይሄዳል፣ ሁልጊዜ አሥር እርምጃ ያህል ከፊቴ። እማማ ተዋቡ በዚያ ዕድሜያቸው ደርሰውብኝ ክንዴን ያዙ።

«ቆይ እስቲ፣ አባትሽ ከሆኑ ለምን አቤት አይሉሽም?» አሉኝ እያለከለኩ፣ «ጀሪካኑ የቤታችሁ ነው?»

«አይደለም» አልኳቸው፣ ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም፣ «እማማ፣ ጀሪካን የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ ሰው ድረ ገጹን እንዲከፍት ብዬ።»

ክንዴን ቀስ ብለው ለቀቁት፣ አማተቡ። «እንግዲያው የኔ ልጅ፣ አትጥሪያቸው» አሉ።

ጠራሁ። እናንተ ብትሆኑ አትጠሩም? ሦስት ሳምንት ሙሉ ሬሳ ክፍል በር ላይ ስሜን እስኪጠሩኝ የቆምኩ ሰው ነኝ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እማዬ ጃኬቱ አይሞቀውም ስትል የሰማሁ ሰው ነኝ፣ ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ አውጥቼ «አባ! ሐያት ነኝ!» ብዬ ጠራሁ። ጫካው ዝም አለ፣ ከዚያ በጣም ከቅርብ፣ ጎንበስ ብሎ እንደሚያናግረኝ ያህል፣ የአባቴ ድምፅ «ውሃ መጣ?» አለ።

ድምፁ የሱ ነው፣ በአላህ እምላለሁ፣ ‘መ’ን ሲል አፍንጫው ውስጥ ትንሽ የምትቀረው ነገር ሳትቀር የሱ ነች። ቃሉ ግን የኔ ነው። ቅዳሜ ማታ በገዛ ጣቴ የጻፍኩት ነው። ሜሮንም ሰምታለች፣ እየጎተተች ያወረደችኝ እሷ ናት፣ እኔ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

ፖሊስ ሁለት ቀን ፈለገ፣ የአካባቢው ገበሬዎችም አብረው ወጡ፣ አንድም ነገር አልተገኘም። ቪዲዮውን አጠፋሁት፣ ድረ ገጹ ላይ የጻፍኩትን ውሸት ሰረዝኩ፣ ከዚያ እማዬን አስቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም፣ ፊቷን ወደኔ አድርጋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ድምፁ የሱ ነበር?»

«አዎ፣ ግን እማ...»

«የሱ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«የሱ ነበር።»

«ታዲያ ማን አጥፊ አለሽ?» አለችኝ፣ እያለቀሰች ተነሳች።

ጅኒ ስትፈራ የኖረች ሴት ናት እንግዲህ፣ ይሄንን አስቡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቪዲዮውን መልሺው እያለች ለመነችኝ፣ እምቢ አልኳት። ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ እያለሁ ሜሮን መጥታ ስልኳን ሰጠችኝ። እማዬ ናት። ቪዲዮ መልቀቅ ማን እንዳሳያት አላውቅም፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን ፊቷ ላይ ልትለጥፈው ምንም ሳይቀራት ራሷን ቀርጻለች። «ኸድሬ፣ የካ አባዶ ነን፣ ቤቱ ከጠፋህ» ትልና ብሎኩን፣ ፎቁን፣ የቤቱን ቁጥር ሳይቀር ትናገራለች። መጨረሻ ላይ «ማንም ብትሆን ና» ትላለች።

ይሄን ስጽፍላችሁ ቪዲዮውን ያየው ሰው ብዛት እየጨመረ ነው፣ ሰው ነው የሚያየው ብዬ ራሴን አሳምናለሁ። እማዬ ከዚያ ወዲህ የውጭውን በር አትቆልፍም። እሷ ስትተኛ ተነስቼ እቆልፈዋለሁ፣ አልጋዬ ላይ ጥቂት እገላበጣለሁ፣ እሱ ቢሆንስ እላለሁ፣ ከዚያ እኔው ተነስቼ እከፍተዋለሁ።